የግመል እግር፣ የበቅሎ ኮቴ እና የሃይሉክስ ጎማ

ፒክአፕ የገዛ ጓደኛ ያለው ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል፦ «ባሌስትራውን ሳላስነሳ እስከ ስንት ቁጥር ጎማ ይገባልኛል?» ጥያቄዋ የጎሚስታ ትመስላለች። እኔ ግን የታሪክ ጥያቄ ናት ባይ ነኝ። ጎጃም ውስጥ ከመሬቱ ጋር የሚስማማ እግር መምረጥ ከመኪና በፊትም የነበረ ጉዳይ ነው፤ ተሳስቶ የመረጠም ዋጋውን ከፍሏል።

እስቲ ከበቅሎ እንጀምር። ጎጃምን ዓባይ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ከቦታል። ከሸዋ የመጣ መንገደኛ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል መውጣት ነበረበት። ለዚህ ደግሞ ፈረስ አይመረጥም። ፈረስ ለሜዳና ለጉግስ ነው፤ ለገደል አፋፍ ግን ኮቴዋ ጠባብ፣ እርምጃዋ ቁጥብ የሆነችው በቅሎ ትሻላለች። አባቶቻችን እንስሳውን የመረጡት በቁመቱና በግርማው አልነበረም፤ መንገዱን አይተው ነው።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነበር። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ድረስ እየነዳ ለዳግማዊ ምኒልክ አመጣው። ዋና ከተማዋ መኪና ብታይም የዓባይ ሸለቆ ግን ያው የበቅሎና የእግር መንገድ ሆኖ ዓመታት ቆየ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን ከሱዳን ተነስተው ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። ዓላማው በጎጃም በኩል አልፎ፣ ከአርበኞች ጋር ተባብሮ ጣሊያንን ማስወጣት ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት ቤት በስሙ የሚጠራለት እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ንጉሠ ነገሥቱን በካሚዮን ይዞ ወደ በላያ ተራራ ሊያደርስ ሞከረ። መንገድ የለም፤ ያለው ቁጥቋጦ፣ ቋጥኝና ደረቅ ወንዝ ነው። ካሚዮኖቹ እየተቀረቀሩና እየተገፉ ሄደው ሄደው እምቢ አሉ። ንጉሡ ጥር 29 ቀን በላያ የደረሱት በእንስሳ ጀርባ ነው።

ስንቁንና ጥይቱን የጫኑት ደግሞ ከሱዳን የተሰበሰቡ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ግመሎች ነበሩ። ግመል ለአሸዋ የተፈጠረ ነው፤ እግሩ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ አይሰምጥም። የጎጃም ደጋ ግን አሸዋ የለውም። ድንጋዩ እግራቸውን በላው፤ ብርዱና የማያውቁት ሣር ደግሞ የቀረውን ጨረሰ። ዘመቻው ሲያልቅ በሕይወት የተረፉት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ሠራዊቱ ግን ድል አድርጎ ንጉሡ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። ግመሉ ሰንፎ አይደለም፤ ሰፊ እግር ያለቦታው ስለገባ ነው።

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት መንገድ ጠርጎ፣ ዓባይ ላይም ድልድይ ሠርቶ ነበር፤ ሲሸሽ ድልድዩን አፈረሰው። ቃላቱ ግን ቀሩ። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ካሚዮን፣ ጎሚስታ፤ እነዚህ ሁሉ የጣሊያን ናቸው። ያለቀው ጎማ ደግሞ ተቆርጦ በረባሶ ሆነና የገበሬው እግር ላይ ገባ። ከጦርነቱ በኋላ ሌላ ድልድይ ተሠርቶ ለስድሳ ዓመት ግድም አገለገለ። 2000 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ጎኑ ላይ በጃፓን እርዳታ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ተመረቀ።

ከጃፓን ድልድይ በፊት ግን የጃፓን መኪና መጥቶ ነበር። ሃይሉክስ ለገበያ የወጣው በ1960 ዓ.ም.፣ በየወረዳው የምናውቀው ባለ 70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ደግሞ በ1977 ዓ.ም. ነው። የላንድ ክሩዘሩን የሥራ ጎማ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ረጅምና ቀጭን ነው። ወዲያው በቅሎዋ ትዝ ትላለች።

አሁን ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። ብዙ ሃይሉክስ ላይ ያለው ጎማ 265/65 አር 17 ይላል። 265 ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ሲሰላ ጎማው ከመሬት እስከ አናቱ 776 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 265/70 ብታስገባ 803፣ 285/70 ብታስገባ 831 ይደርሳል። መኪናው ከፍ የሚለው ግን በልዩነቱ ግማሽ ብቻ ነው፦ በመጀመሪያው 13፣ በሁለተኛው 27 ሚሊ ሜትር። ለ27 ሚሊ ሜትር ሲባል ያልተነሳ መኪና መሪው ሲጠመዘዝ ወይም ጭነት ሲበዛበት ጎማው ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል።

ዋናው ነገር ግን ፍቅፍቂያው አይደለም። 831ዱ ጎማ ከፋብሪካው በ7 በመቶ ይበልጣል። ቆጣሪው መጀመሪያ ትክክል ከነበረ 80 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 85 አልፏል። ማርሹም በዚያው ልክ ይረዝማል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ነች፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። በትልቅ ጎማ ደግሞ ሌላ ይጨመርበታል።

ከደጀን ወደ ዓባይ ስትወርድስ? በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩ መኪናውን የሚይዘው ድሮ ከሚይዘው ባነሰ ጉልበት ነው። የቀረውን ፍሬኑ ይሸከማል፤ ፍሬኑ ደግሞ አላደገም። ከባድ ጎማ ለማቆም የበለጠ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ከዳ ማለት ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሰው 285 ይሁን 265 አልተጠየቀም፤ ሒሳቡ ግን ለእሱም ይደርሰዋል።

ጭቃውም ቢሆን እንደሚባለው አይደለም። ክረምት ላይ ዋልካ መሬት ላይ ሰፊ ጎማ ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ ቀጠን ያለው ግን ጭቃውን ቆርጦ ጠንካራውን መሬት ይፈልጋል። ስለዚህ መኪናውን ሳታስነሳ መጨመር ካማረህ ወርዱን ተወውና ቁመቱን በትንሹ ጨምር፤ 265/70 ልዩነቱ 3.4 በመቶ ነው፣ እሱም ቢሆን መሪው ሙሉ ተጠምዝዞ፣ ጭነት ተጭኖ ይፈተሽ። የጎማው የጭነት ቁጥር ከፋብሪካው አይነስ። ጥርሱ ለጭቃ የሚሆን ይሁን። ከዚያ በላይ ያለው ለፎቶ ነው፤ ፎቶው ደግሞ የዓባይን ቁልቁለት አያውቀውም።