የአዊን ገበያ ማን ቆጠረው?

ተማሪዎች ርእሱን ራሳቸው መርጠው፣ መድረኩንም ራሳቸው እየመሩ ስለ ግብይትና ስለ መረጃ ትንተና የሚከራከሩበት ሴሚናር ሲነሳ፣ ነገሩ ትናንት ከውጭ የገባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኮምፒዩተሩ በርግጥ አዲስ ነው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በ2010 ዓ.ም. ስለሆነ ገና ለጋ ነው። ገበያ ወጥቶ ማየትና ያዩትን መዝግቦ መያዝ ግን በአገው ምድር ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ሥራ ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተለወጠው የጠያቂው ማንነት ነው። ጠያቂው አልፎ ሂያጅ ነበር፤ መልሱንም ይዞት ሄዷል። በተማሪ የሚመራ ሴሚናር ለአዊዎቹ ከተሞች ለእንጅባራና ለዳንግላ አዲስ ነገር የሚያመጣ ከሆነ፣ የሚያመጣው እዚያው ቆይቶ የሚጠይቅ፣ መልሱንም እዚያው የሚያስረክብ ሰው ነው።

ከብሩስ እንጀምር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ለማየት ወደ ግሽ ሲወርድ፣ የዳሞት አገዎች ጎንደርን እንዴት እንደሚመግቡ ጽፏል። በአንድ ጉዞ ከሺህ እስከ ሺህ አምስት መቶ የሚደርሱ ሰዎች ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም ይዘው አንዱ ጓድ ሲመለስ ሌላው እየተተካ ወደ ከተማዋ ይገቡ እንደነበር ይነግረናል። ቅቤው በመንገድ ቀልጦ እንዳይበላሽ የመቅመቆ ሥር ይጨመርበት እንደነበርም አልዘነጋም። ቶሎ የሚበላሽን ዕቃ ወደ ሩቅ ገበያ ማድረስ ዛሬ በግብይት ትምህርት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው፤ የአገው ነጋዴ መልሱን በአንድ ሥር አግኝቶት ነበር። ብሩስ ግን የመጣው ወንዝ ፍለጋ ነው። የቅቤው ዋጋ ስንት ነበር? ትርፉ ለማን ደረሰ? ገበያ ሲቀዘቅዝ ያ ሁሉ ሰው ምን ይሆን ነበር? እነዚህን የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የጁቤ አጠገብ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቤክ በዚህ ይሻላል። የባሶን ገበያ ዕቃ በዕቃ አይቷል፣ ኋላም ስለ ሐበሻ ንግድና ፖለቲካ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች በመጽሐፍ አሳትሟል፣ የአገውኛ ቃላትንም ሰብስቧል። እሱም ቢሆን ያሰበው ለአገሩ ነጋዴዎች የሚሆን ገበያ ነው።

ዳንግላ ሲደረስ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ብሪታንያ ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሾመችው ቆንስል ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 መቀመጫውን ያደረገው ዳንግላ ላይ ነበር። የጣናን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ በካርታ አሰፈረ፤ መጽሐፉም በ1936 ታተመ። ቺዝማን ሥራ በጀመረበት በዚያው በ1925 ሱዳን ውስጥ የሴናር ግድብ ተጠናቆ የገዚራ የጥጥ እርሻ ውሃ መጠጣት ጀምሯል። ስለዚህ ለንደን ከዳንግላ ማወቅ የፈለገችው የውሃውን መጠን ነበር። የዳንግላ ገበሬ እህሉን የት ቢሸጥ ይሻለዋል የሚለው የቆንስሉ ጥያቄ አልነበረም፤ ደመወዙን የሚከፍለው ያ ገበሬ አይደለምና አያስወቅሰውም።

ጠያቂው የአገር ልጅ ሲሆንስ? የአገር መንግሥትም ከላይ ሆኖ ሲቆጥር ያው ነው። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ዋጋ ቆርጦ፣ በገበሬ ማኅበር በኩል ኮታ ደልድሎ እህል ይሰበስብ ነበር፤ ትርፍ አምራች የሆነው ጎጃምም ከዋና ምንጮቹ አንዱ ነበር። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ኮታው እስኪነሳ ድረስ ኩንታሉ በጥንቃቄ ተመዝግቧል። ገበሬው ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ግን በዚያ መዝገብ ላይ የገባ እህል ሆኖ ብቻ ይታያል። መዝገብ ያዡ የጠየቀው ስንት ኩንታል ገባ ብሎ ነው፤ የተነገረውም ያንኑ ነው።

ተማሪ ራሱ የጠየቀበት ሌላ መስመርም አለ፤ ለሴሚናሩ ቅድመ አያት የሚሆነው ይኸኛው ነው። ከጥንቱ እንነሳ ቢባል ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤት አገር ነው። እዚያ ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስተምራል፤ ተማሪው የተማረውን ደግሞ በማንበልበል አያበቃም፣ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፣ ይታረማል። የራስን ሥራ ለእኩያ ትችት ማቅረብ ለዚህ አገር እንግዳ ልማድ አይደለም። በዘመናዊው ትምህርት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ብዙም ሳይቆዩ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ፤ ከ1953 ጀምሮም በፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ድጋፍ የራሳቸውን መጽሔት አወጡ። ከየአገሩ የመጣው ተማሪ የተወለደበትን አካባቢ የሠርግ፣ የለቅሶ፣ የእርሻና የዕርቅ ሥርዓት ጠይቆና ጽፎ አሳተመ። እነዚያ ስስ ጥራዞች ዛሬም በተመራማሪ እጅ ይገለጣሉ። ቀጥሎ የመጡት ትልልቅ ዘመቻዎች ግን በሌላ መንፈስ የተቃኙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር ላከው፤ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ተበተነ። ሁለቱም ወጣቱን ከገበሬው አገናኝተውታል፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም። የተላከው ግን ሊያስተምርና ሊያደራጅ ነው፤ ጥያቄውን አዲስ አበባ ጨርሳዋለች።

በተማሪ እጅ የተሰበሰበ መረጃ ምን ዋጋ አለው የሚል ይኖራል። ልምድ የሌለው ልጅ በችኮላ ሞልቶት የሚመጣው መጠይቅ፣ ከጓደኛ የተቀዳ ሰንጠረዥ፣ ለመመረቂያ ብቻ የተጻፈ ወረቀት በየመደርደሪያው ሞልቷል፤ ቅሬታው እውነት አለው። ሆኖም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ምን እንደሆኑ ማየት ይበቃል። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊት ኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፉ እነዚህን ሥራዎች በሰፊው ተጠቅመውባቸዋል። የሃያ ዓመት ወጣት በትውልድ መንደሩ ሽማግሌ አነጋግሮ የጻፈው፣ ሽማግሌው ካለፈ በኋላ ብቸኛው ማስረጃ ሆኖ የቀረበት ጊዜ አለ። ድካሙ እንዳይባክን ያደረጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጽሑፉ በሌሎች ፊት ቀርቦ መፈተኑ፣ በአንድ ቦታ መቀመጡ፣ የሚቀጥለው ተማሪ ካለፈው ወረቀት መነሳቱ። ሴሚናር ከእነዚህ ሁለቱን በራሱ ይሰጣል፤ ማከማቻው የቤተ መጻሕፍቱ ፋንታ ነው።

ነጋዴውና ደላላው ገበያውን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ተማሪ ምን ሊጨምር ነው የሚለው ደግሞ ከበድ ያለ ክርክር ነው። ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለዶክትሬት ዲግሪያቸው የእህል ደላላን ሥራ ሲያጠኑ ያገኙት ይህን ክርክር በግማሽ ይደግፋል፤ ደላላው ገዥና ሻጭ ለመገናኘት የሚያወጡትን ወጪ የሚቀንስ እንጂ እንደሚታማው ሸክም ብቻ አልነበረም። ነገር ግን ይህንን ያሳዩት ተማሪ ሳሉ ነው፤ ደላላው ራሱ ስለ ራሱ ቢናገር ማን ያምነው ነበር? ከዚያ ጥናት የተነሳ አሳብ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሆነ። በተጨማሪ፣ የነጋዴው እውቀት የራሱ ንብረት ነው፤ ለሻጩ ገበሬ የማካፈል ግዴታ የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ መቃወሚያ ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በምደባ ከመላ አገሪቱ የሚመጣ ነው፤ ብዙው አገውኛ አይሰማም፤ ታዲያ እሱስ ከቺዝማን በምን ይለያል? በትውልድ አይለይም፣ ልክ ነው። የሚለየው በሁለት ነገር ነው። ቺዝማን ዘጠኝ ዓመት ቢቀመጥም ዘገባውን የጻፈው ለንደን ላሉ ሰዎች ነበር፤ ተማሪው ያቀረበውን ግን እንጅባራ ያለ ነጋዴ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሰብሳቢና የወረዳ ባለሙያ ተቀምጠው ሊሰሙትና ሊያርሙት ይችላሉ። ከዚህም ሌላ ተማሪው ሲመረቅ ሌላ ይተካዋል። የገበያ ዋጋ አንድ ቀን ቢለካ ወሬ ነው፤ በየሳምንቱ ዓመታት ሲለካ ነው ወቅቱን፣ የመንገድ መዘጋትን፣ የበዓል ግርግርን የሚያሳየው። ለሦስት ወር ፕሮጀክት የሚመጣ ባለሙያ ይህን ሊያደርግ አይችልም። አገውኛ የማይሰማው ተማሪ አገውኛ ከሚናገር ጓደኛው ጋር ቢጣመር ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይስተካከላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት መንገዱንም ትምህርቱንም ማወኩ አይካድም፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ከሩቅ የሚመጣው አጥኚ ቀድሞ ይቀራል፣ መረጃውም በግቢው አቅራቢያ ካለው ሰው በቀር ሰብሳቢ አያገኝም።

ለምሳሌ ያህል የከሰሉን ነገር እንውሰድ። በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳው ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መሐል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳል፣ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጦ ያከስላል። ከሰሉ በመኪና አዲስ አበባ ይገባል። ተመራማሪዎች ስለ አፈሩ ለውጥና በሳተላይት ስለታየው የደን ሽፋን መጨመር ብዙ ጽፈዋል። ገበሬው የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ዛፉን በቁሙ ልሽጠው ወይስ አክስዬ? አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ከሰል እንጅባራ ላይና አዲስ አበባ ላይ ባለው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ለማን ይሄዳል? ዛፉን በቅርብ ዓመታት የመታው የዝገት በሽታ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ዋጋ በየሳምንቱ ተመዝግቦ ቢሆን፣ የደረሰውን ኪሣራ በብር መናገር ይቻል ነበር። መዝጋቢው ከመነሳቱ በፊት ግን መስፈሪያውን ማወቅ አለበት። ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያል፤ ተከምሮ ሲሰፈርና ተዳፍኖ ሲሰፈርም አንድ አይደለም፤ ከረጢቱም ሲጠቀጠቅና ሲላላ ሌላ ነው። ስለዚህ የሴሚናሩ የመጀመሪያ ሥራ ሚዛን ይዞ ዳንግላ ገበያ ወርዶ አንድ ቁና ጤፍ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን መለካት ይሆናል፤ ያ ሳይታወቅ የሚሠራ ሰንጠረዥ የትኛውም ሶፍትዌር አያቃናውም።