ክኒንና ጉሮሮ፦ ለመዋጥ የሚያስቸግር መድኃኒት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1843 ዊልያም ብሮክደን የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ለአንድ የፈጠራ ሥራው የባለቤትነት መብት አገኘ። የሰዓት ሠሪ ልጅ የነበረው ብሮክደን መነሻ ያደረገው የሕሙማንን ችግር ሳይሆን ለሥዕል የሚሆን ጥሩ እርሳስ ማግኘትን ነበር። ለእርሳስ የሚያገለግለው ንጹሕ ግራፋይት እየተመናመነ በመሄዱ፣ የማዕድኑን ዱቄት በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በኃይል ጨምቆ ጠጣር የሚያደርግበትን ዘዴ ፈጠረ። በዚሁ ዘዴ የመድኃኒት ዱቄትም ያለ ማጣበቂያ ወደ ጠጣር ክኒን ሊለወጥ እንደሚችል በመገንዘቡ፣ ያገኘው መብት እርሳስንም ክኒንንም የሚያጠቃልል ሆነ። ዛሬ በየጤና ተቋሙ የሚታደለው ተጨምቆ የተሠራ ክኒን የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ አጀማመር አንድ ቁም ነገር ያስገነዝባል። ክኒን በዘመናት ሂደት የተቀረጸው በዋነኛነት ለቀማሚው፣ ለሚዛኑ፣ ለማጓጓዣውና ለመደርደሪያው እንዲመች ሆኖ ነው። የሚውጠው ጉሮሮ የታሰበው እጅግ ዘግይቶ ነው። በመሆኑም አንድ ጎልማሳ ኅሙም «ክኒን አይወርድልኝም» ሲል የሚናገረው ነገር የሕፃን ጠባይ ወይም እምቢተኝነት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ታሪክም ምክንያትም ያለው ችግር ነው።

ከድብልብል ክኒን እስከ ፋብሪካ

መድኃኒትን አድበልብሎ መዋጥ ጥንታዊ ልማድ ነው። በ1550 ዓመተ ዓለም ገደማ በግብፅ የተጻፈው የኤበርስ ፓፒረስ፣ መድኃኒት ከሊጥ፣ ከማር ወይም ከስብ ጋር ተለውሶ በትናንሽ ድብልብል መልክ እንደሚዘጋጅ ይገልጻል። ሮማውያን ይህን ዓይነቱን መድኃኒት «ፒሉላ»፣ ማለትም ትንሽ ኳስ ብለው ጠሩት። በመካከለኛው ዘመን የነበረው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና (980–1037) ደግሞ ክኒንን በወርቅና በብር ቅጠል መለበጥ እንደጀመረ ይነገርለታል።

የእነዚህ ሁሉ ዓላማ ሁለት ነበር። አንደኛው መጠኑ የታወቀ መድኃኒት መስጠት ሲሆን፣ ሁለተኛው መራራውን ጣዕም ከምላስ መሰወር ነው። ለመራራነት ኪኒን ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ፈረንሳውያኑ ፔልቲዬና ካቫንቱ በ1820 ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ነጥለው ያወጡት ይህ የወባ መድኃኒት እጅግ መራራ ከመሆኑ የተነሣ፣ በዱቄትነቱ ለመውሰድ የሚያዳግት ነበር። በአማርኛ «ክኒን» የሚለው ቃል ለማናቸውም የሚዋጥ መድኃኒት መጠሪያ የሆነው ከዚሁ ስም ተነሥቶ ነው።

በ1834 በፓሪስ የጄላቲን ካፕሱል የባለቤትነት መብት ተሰጠው። የዚህም ግብ መጥፎ ጣዕም ያላቸውን መድኃኒቶች ሸፍኖ ማስዋጥ ነበር። ከብሮክደን በኋላ የክኒን መጭመቂያ መሣሪያዎች እየተሻሻሉ ሄዱ። በለንደን የተቋቋመው የበሮውስና የዌልካም ድርጅት በ1884 «ታብሎይድ» የሚለውን ስም የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበ። ቃሉ በኋላ አጠር ብለው ለሚዘጋጁ ጋዜጦች መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። በ1885 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም አፕጆን በቀላሉ የሚፈረፈር ክኒን የሚሠራበትን ዘዴ አስመዘገበ። በዘመኑ ብዙ ክኒኖች ከመድረቃቸው የተነሣ ሳይሟሙ ከሰውነት ይወጡ ስለነበር፣ አፕጆን የእርሱ ክኒን በአውራ ጣት ሊደቅቅ እንደሚችል በማስታወቂያው አሳየ። ይህ ትልቅ እመርታ ነበር። ይሁን እንጂ የአፕጆንም ጥያቄ «ክኒኑ በሆድ ውስጥ ይሟሟል ወይ?» የሚል እንጂ «በጉሮሮ ይወርዳል ወይ?» የሚል አልነበረም።

ጉሮሮ ሲመረመር

የመዋጥን ሂደት በሦስት ደረጃ ከፍለው ካስረዱት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ማዣንዲ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ በአፍ ውስጥ የሚፈጸምና በሰው ፈቃድ የሚመራ ነው። ሁለተኛው በጉሮሮ፣ ሦስተኛው በምግብ ቧንቧ የሚከናወኑ ሲሆን ሁለቱም አንዴ ከተጀመሩ ከፈቃድ ውጪ ናቸው። ራጅ በተገኘ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1896፣ የሃርቫርድ የሕክምና ተማሪ የነበረው ዋልተር ካነን ከባልደረባው ከአልበርት ሞዘር ጋር ሆኖ ውሻ የዋጠው የልብስ ቁልፍ በምግብ ቧንቧው ሲወርድ በራጅ ተመለከተ። ጠጣር ነገር ሲዋጥ በዓይን የማየት ዘመን በዚህ ተጀመረ።

ሆኖም ክኒን ራሱ የት እንደሚደርስ በጥንቃቄ የተጠየቀው ከብዙ አሥርተ ዓመታት በኋላ ነው። በ1970 የፖታሲየም ክኒን የምግብ ቧንቧን እንደሚያቆስል የሚያሳይ ዘገባ በብሪታንያ ታተመ። በ1976 ኢቫንስና ሮበርትስ የባሪየም ክኒን አስውጠው በራጅ ሲከታተሉ፣ ክኒኑ በብዙዎቹ ሰዎች የምግብ ቧንቧ ውስጥ ለደቂቃዎች ቆይቶ አገኙት። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ክኒኑ መቆየቱ አልታወቃቸውም ነበር። በ1982 ቻነርና ቪርጂ ያደረጉት ጥናት ደግሞ የሰውየው አቀማመጥና የሚጠጣው ውኃ መጠን የካፕሱልን አወራረድ እንደሚወስኑ አሳየ። ተኝቶ፣ በጉንጭ ውኃ ብቻ የሚዋጥ ካፕሱል በመንገድ ላይ ይቀራል።

ለመዋጥ ለምን ያስቸግራል?

ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጠጣር ነገርን የሚውጠው አኝኮ፣ በምራቅ አርሶና አልሞ ነው። ያልታኘከ ጠጣር ነገር ወደ ኋላ ሲመጣ ምላስ ይመልሰዋል፤ ጉሮሮም ይኮማተራል። ይህም የአየር ቧንቧን ከመታነቅ የሚጠብቅ ተፈጥሯዊ መከላከያ ነው። ስለዚህ ክኒን የሚውጥ ሰው የሚጠየቀው ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ልማድ ለቅጽበት እንዲተው ነው። ብዙዎች ሳያስቡት ይችሉታል። አንድ ጊዜ ትን ያለው ወይም ክኒን ጉሮሮው ላይ የተጣበቀበት ሰው ግን፣ በሚቀጥለው ጊዜ በፍርሃት ጡንቻዎቹን ስለሚያጠነክር ይበልጥ ይቸገራል።

ከዚህ በተጨማሪ የዕድሜ መግፋትና እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች ምራቅን ይቀንሳሉ። ጄላቲን በጥቂቱ ሲረጥብ ይጣበቃል። የምግብ ቧንቧም በአፉ ላይ፣ ታላቁ የደም ቧንቧ በሚያልፍበት ቦታና ከጨጓራ በላይ በተፈጥሮው ጠበብ ይላል።

አንዳንዴ ግን ችግሩ የበሽታ ምልክት ነው። በአንጎል የደም ዝውውር መታወክ የሚመጣ ሽባነት፣ ፓርኪንሰን፣ የገዘፈ እንቅርት፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ የሚታይ የምግብ ቧንቧ ፈንገስ፣ የአሲድ ጠባሳና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊታሰቡ ይገባል። በኢትዮጵያ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በተለይ በአርሲና በባሌ አካባቢዎች በብዛት እንደሚታይ ተመዝግቧል። ክኒን ብቻ ሳይሆን ምግብም የማይወርድለት፣ ሲውጥ የሚያመው፣ የሚያስለው ወይም ክብደቱ የቀነሰ ኅሙም ምክር ተሰጥቶት የሚሸኝ ሳይሆን የሚመረመር ነው።

የዝምታው ዋጋ

በኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና መድኃኒት በአመዛኙ የሚጠጣ፣ የሚታኘክ፣ የሚላስ ወይም የሚታጠን ነበር። በመራራነቱ ምሳሌ የሆነው ኮሶ እንኳ አበባው ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር፤ የድንገተኛ ሥርም ይታኘካል። ሳያኝኩ መዋጥ በሰፊው የመጣው ከዘመናዊው መድኃኒት ጋር ነው። ዛሬ አንድ የሳንባ ነቀርሳ ኅሙም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት፣ አራት መድኃኒቶችን በአንድነት የያዘውን ክኒን እንደ ክብደቱ ከሁለት እስከ አምስት በየቀኑ እንዲውጥ ይጠበቅበታል። መዋጥ ያቃተውና ለመናገር ያፈረ ሰው ክኒኑን በኪሱ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ውጤቱ የበሽታው መመለስና የተላመደ ባክቴሪያ ነው።

በ2013 በጀርመን የታተመ፣ 1,051 ሕሙማንን ያካተተ ጥናት 37.4 በመቶው መድኃኒት ለመዋጥ እንደሚቸገሩ አሳይቷል። ሐኪሞቻቸው የአብዛኞቹን ችግር አያውቁም ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም ክኒን በረጅሙ ጎኑ ከ22 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ መመሪያ ያወጣው በ2015 ነው።

ያልተጠየቀ ኅሙም የራሱን መፍትሔ ይፈልጋል፤ ይሰብራል፣ ይፈጫል፣ ካፕሱሉን ይከፍታል። ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ የተሠራ የኒፌዲፒን ክኒን ሲፈጭ ግን የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ገብቶ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ይችላል። በኦሜፕራዞል ካፕሱል ውስጥ ያሉት ፍሬዎች ሲፈጩ መድኃኒቱ በጨጓራ አሲድ ይበላሻል። ዶክሲሳይክሊን በጥቂት ውኃ ተውጦ ወዲያው ሲተኙ የምግብ ቧንቧን ያቆስላል።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ኅሙሙ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ወይም ቆሞ፣ አስቀድሞ አፉን አርሶ፣ ክኒኑን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጥ፤ ወዲያውም አይተኛ። በ2014 የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች ሁለት ዘዴዎችን ፈትነው ውጤታማ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ለጠጣር ክኒን፣ ክኒኑን ምላስ ላይ አድርጎ፣ ከንፈርን ውኃ በሞላበት ለስላሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ አፍ ላይ ገጥሞ፣ ቀና ብሎ ውኃውን እየሳቡ መዋጥ ይረዳል። ካፕሱል ግን ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ውኃ ከጎነጩ በኋላ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ ይሻላል። ትን የሚላቸውና በነርቭ ሕመም መዋጥ የተሳናቸው ሰዎች እነዚህን ዘዴዎች ሊሞክሩ አይገባም። ለእነርሱ ፈሳሽ ወይም ሌላ ዓይነት አሰጣጥ ይፈለግላቸዋል።

የክኒን ታሪክ የመጠን፣ የጣዕምና የመሟሟት ጥያቄዎች በየተራ የተመለሱበት ታሪክ ነው። የጉሮሮ ጥያቄ የመጨረሻው ነው፤ የሚመለሰውም በፋብሪካ ሳይሆን መድኃኒት በሚታዘዝበትና በሚታደልበት ጠረጴዛ ላይ ነው። «ክኒን መዋጥ ያስቸግርዎታል?» የምትለው ጥያቄ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም። ሳትጠየቅ የቀረች እንደሆነ ግን በትክክል የታወቀ በሽታና በትክክል የታዘዘ መድኃኒት በአንድ አጭር መንገድ ላይ ከንቱ ሆነው ሊቀሩ ይችላሉ።