ከሳንቃ ሐረግ ስለ ማውጣት

ከትምህርት በኋላ ተሰብስበን ሳንቃ እየቆረጥን ሐረግ የምናወጣ ተማሪዎች፥ ይህ ሥራ ከውጭ አገር የተቀዳ ነው ሲባል እንሰማለን። መጋዙ እርግጥ ከውጭ የመጣ ነው። ሳንቃው አስቀድሞ በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ ከዚያ እንደ ክር የቀጠነው ምላጭ በቀዳዳው ገብቶ፥ ዳሩን ሳይነካ መካከሉን ቆርጦ ያወጣል። ጥበቡ ግን በአገራችን የቆየ ነው።

በላስታ፥ ከ800 ዓመት በላይ ባስቈጠረው በይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፥ ብርሃን የሚገባው በመስቀል አምሳል በተፈለፈሉ መስኮቶች ነው። የደብረ ዳሞም ጣራ የአራዊት ምስል በተቀረጸባቸው ሳንቃዎች ያጌጠ ነው።

ወደ ጋይንት ስንመለስ፥ የድጓ ምስክር በሆነችው በቤተልሔም፥ በክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ተሸሽጎ ኖሯል። ቶማስ ፓከናም የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1955 አይቶት፥ በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ ለውጭው ዓለም አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ «አገኘው» ይባላል። ካህናቱ ሲቀድሱበት፥ መሪጌቶቹ ደጅ ድጓ ሲያስመሰክሩ የኖሩበት ደብር እንዴት ጠፍቶ ተገኘ ይባላል?

ስለ እንጨቱም ጥቂት እንበል። ለዚህ ሥራ ዋንዛ የሚተካከለው የለም፤ ለመጋዝ ይታዘዛል፥ በርም ከበሮም ይወጣዋል። ወይራ መቋሚያ ይሁን እንጂ ለእኛ ምላጭ ሰባሪ ነው። ዋንዛ እየተመናመነ ስለ ሄደ ብዙውን ጊዜ የምንቆርጠው የአሮጌ ሣጥን ሳንቃ ነው፤ ንድፉን ግን ከብራና መጻሕፍት ሐረግ እንቀዳለን።