የግል ኩባንያ ሰውን ወደ ጠፈር ለማድረስ ምን ያስፈልገዋል?

ዩሪ ጋጋሪን እ.ኤ.አ. በ1961 ምድርን ከዞረ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ሰውን ወደ ጠፈር ማውጣት የመንግሥታት ሥራ ብቻ ሆኖ ቆይቷል። ወጪው ከባድ፣ ትርፉ ሩቅ፣ አደጋው ደግሞ የሰው ሕይወት ነበርና። ለመሆኑ የግል ኩባንያዎች ወደዚህ መስክ እንዴት ሊገቡ ቻሉ?

በመጀመሪያ ደፋር ገንዘብ አስፈልጓል። በ2004 በበርት ሩታን የተነደፈችው «ስፔስሺፕዋን» በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥታ የ10 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አገኘች። ይሁን እንጂ ባለሀብቱ ፖል አለን ያወጣው ከሽልማቱ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ደግሞም መንኮራኩሯ ምድርን አልዞረችም። ፍጥነቷ በሴኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ምድርን ለመዞር 8 ኪሎ ሜትር ያህል ያስፈልጋል። የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው ፍጥነት በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ስለሆነ፣ 8 እጥፍ ፍጥነት 64 እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል።

ሁለተኛው የታመነ ደንበኛ ነው። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በ2008 ለስፔስኤክስ የ12 ጭነት በረራዎች ውል በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ሰጠ። በ2014 ደግሞ ሰው ለማመላለስ ለቦይንግ 4.2፣ ለስፔስኤክስ 2.6 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ ስለነበር ብክነቱ የሚጎዳው ኩባንያውን ራሱን ነበር።

ሦስተኛው ዕቃን ደጋግሞ መጠቀም ነው። በታኅሣሥ 2015 የ«ፋልከን 9» ሮኬት የታችኛው ክፍል ተመልሶ በደኅና ምድር ላይ አረፈ።

አራተኛው ሰው ሳይሳፈር ወድቆ የመማር ትዕግሥት ነው። «ፋልከን 1» ሦስት ጊዜ ከከሸፈ በኋላ በ2008 በአራተኛው ተሳካ። በ2019 አንዲት ባዶ መንኮራኩር በምድር ሙከራ ላይ ፈነዳች፤ ጉድለቱም ታረመ። ግንቦት 30 ቀን 2020 ሁለት ጠፈርተኞች በ«ድራገን» ተጓዙ። በአንጻሩ ይበልጥ ገንዘብ ያገኘው የቦይንግ መንኮራኩር በመስከረም 2024 ተሳፋሪዎቹን ጣቢያው ላይ ትቶ ባዶውን ተመለሰ። ገንዘብ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንረዳለን።

«ርካሽ» የሚለው ቃል ግን ሊያታልለን አይገባም። በ2019 የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች የ«ድራገን»ን አንድ መቀመጫ 55 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገምተውታል። ስለዚህ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ቢወያዩበት ይጠቅማል፦ ዋናው ከፋይ የሕዝብ ካዝና ከሆነ፣ ሥራው በእርግጥ «የግል» ሊባል ይቻላልን?