44,100 የምትባለው ቁጥር ከየት መጣች?

ሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ ነው። ለምን ደፍኖ 44,000 አልሆነም? መልሱ ያለው ሙዚቃ ቤት ሳይሆን ቴሌቪዥን ውስጥ ነው!

በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያን ሁሉ ዲጂታል ቁጥር መሸከም የሚችል ምቹ ነገር የቪዲዮ ካሴት ነበር። ስለዚህ እነ ሶኒ ድምፁን ምስል አስመስለው በቪዲዮ ክር ላይ ቀዱት። በጃፓንና በአሜሪካ ቴሌቪዥን ስሌት በሰከንድ 60 ጊዜ፣ 245 መስመር፣ በየመስመሩ 3 ልኬት፤ አባዙት፣ 44,100። በአውሮፓው ደግሞ 50 በ294 በ3፤ ያው 44,100! በ1982 ገበያ የወጣው ሲዲ ይህችኑ ወረሰ።

የቪዲዮ ሰዎች ግን 48,000ን ያዙ። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በ44,100 የተቀዳ ዘፈን እንዲሁ በ48,000 ቢጫወት ዘፋኙ ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። የሁለቱ ንጽጽር 160 ለ147 ነው። ስለዚህ በየሁለት ልኬት መሃል 159 ዜሮ ይሰገሰጋል፣ በማጣሪያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ከየ147ቱ አንዱ ብቻ ይወሰዳል። (ፕሮግራመሮቹ ብልጦች ናቸው፤ የሚጣለውን መጀመሪያውኑ አያሰሉትም።) ለዘፈን ክሊፕ ሙዚቃውን ከሲዲ ሲወስዱ ኮምፒውተሩ የሚሠራው ይህንኑ ነው። በማጣሪያው ላይ ከተሰሰተ ግን ዘፋኙ ያላወጣው ድምፅ ዘፈኑ ውስጥ ይገባል።