አንድ ኩንታል ስንት ቁና ነው?

ለገሃርን በታክሲ ሲያልፉ ስሙን ልብ ብለውት ያውቃሉ? «ላ ጋር» በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናየው የጣቢያ ሕንፃ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ኩንታልም ከአውሮፓ የመጣ ቃል ነው፤ ፈረንሳዮችም 100 ኪሎግራምን እንዲሁ ይሉታል።

ታዲያ አንድ ኩንታል ስንት ቁና ይሆናል? መልሱ «የምን እህል?» የሚል ሌላ ጥያቄ ነው። ቁና መጠንን ይሰፍራል፣ ኩንታል ግን ክብደት ነው። አማርኛችንም ይለያቸዋል፦ እህል ይሰፈራል፣ ወርቅ ይመዘናል።

እስቲ እናስላው። 5 ሊትር የሚይዝ ቁና አለን እንበል። አንድ ሊትር ስንዴ 0.77 ኪሎ ቢመዝን ቁናው 3.85 ኪሎ ይይዛል፤ ኩንታሉ 26 ቁና ገደማ ነው። ገብስ ቀለል ይላል። ሊትሩ 0.62 ኪሎ ቢሆን ኩንታሉ 32 ቁና ያልፋል።

ነገር ግን ቁናው ራሱ ካገር አገር ይለያያል። ተከምሮ ነው ወይስ በአፉ ልክ የተሰፈረው? አበዳሪ ሲሰጥ በአፉ ልክ፣ ሲቀበል ከምሮ ቢሰፍር፣ ቁጥሩ ሳይለወጥ ገበሬው እህሉን ያጣል። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚባለው ወዶ አይደለም።

እና አያትዎ «አሥር ቁና እናገባ ነበር» ካሉዎት፣ ለማባዛት አይቸኩሉ። መጀመሪያ እህሉን፣ አገሩንና ሰፋሪውን ይጠይቁ።