ገመዱን የነቀለው ልጅ

ውድ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ የኮምፒውተር ታሪክ ላውራችሁ። መጨረሻው ላይ ይቅርታም አለበት።

ከዓመታት በፊት ነው፤ ላብ ውስጥ የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ላይ ነን። አንድ ተማሪ ከኢንተርኔት ላይ ፋይል ሲከፍት ፕሮግራሙ ስታክ አደረገ። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ቢጫን ቢጫን ግን መልስ የለም። ልጁ ዝም ብሎ ከኋላ ያለውን የኔትወርክ ገመድ ነቀለው። እኔ ደግሞ «ማን ንካ አለህ? ዕቃ ልታበላሽ ነው!» ብዬ በጓደኞቹ ፊት ጮህኩበት፤ ከላብም አስወጣሁት። እሱ በር ላይ ሳይደርስ ኮምፒውተሩ መሥራት ሲጀምር በዓይኔ አይቻለሁ። አጋጣሚ ነው ብዬ አለፍኩት።

አጋጣሚ አልነበረም። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ዊንዶውስ 3.1 ፕሮግራሞች ተራ የሚይዙት በመተማመን ነበር። አንዱ ሥራውን አቁሞ በራሱ ፈቃድ ተራውን ካልለቀቀ ሌላው አይደርሰውም። ስለዚህ አንዱ ከተገተረ ሁሉም አብሮ ይገተራል። በ1995 ዊንዶውስ 95 ሲመጣ ይሄ በአብዛኛው ተሻሻለ፤ ለአዲሶቹ ፕሮግራሞች ተራውን ሲስተሙ ራሱ ማከፋፈል ጀመረ።

ታዲያ ስታክ ማድረግ ለምን አልቀረም? ችግሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ ስለቀረ ነው። አንድ ሻጭ ብቻ ያለበትን ሱቅ አስቡ። ሻጩ ዕቃ ሊጠይቅ መጋዘን ይደውልና ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ይቆማል። ደንበኛ ቢጠራው አይሰማም። ሰውየው አልታመመም፣ ሱቁም አልተዘጋም፤ እየጠበቀ ነው።

ድሮ ፋይሉ የሚመጣው ከራሱ ከኮምፒውተሩ ዲስክ ስለነበር ጥበቃው ብዙም አይታወቅም ነበር። ፋይሉ ከኢንተርኔት መምጣት ሲጀምር ግን ያው ጥበቃ ወደ ሰከንዶች፣ አንዳንዴም ወደ ደቂቃዎች ረዘመ። መፍትሔውም ቶሎ ታወቀ፦ ሁለተኛ ሻጭ መቅጠር፤ አንዱ ስልክ ይያዝ፣ አንዱ ደንበኛ ያስተናግድ። በ1994 የወጣው የኔትስኬፕ ብሮውዘር ምስሎቹ ገና በመንገድ ላይ እያሉ ጽሑፉን ማስነበቡ ያኔ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁንና ዛሬም ድረስ በአንድ ሻጭ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሞልተዋል።

አሁን ወደ ኖቬምበር 12 ቀን 2020 እንምጣ። አፕል አዲሱን ቢግ ሰር ሲስተም በለቀቀበት ዕለት በዓለም ዙሪያ የብዙ ሰው ማክ ድንገት ተገተረ። አዲሱን ሲስተም ያልጫኑትም ጭምር! ምን ሆኖ መሰላችሁ? ማክ ፕሮግራም ሲከፍት የሠሪው ፈቃድ እንዳልተሰረዘ ከአፕል ሰርቨር ይጠይቃል። ኢንተርኔት ከሌለ ጥያቄውን ትቶ ይከፍታል። ያን ቀን ግን ሰርቨሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ እጅግ ተንቀራፈፈ። ማኮቹም መልስ ይመጣል ብለው ጠበቁ። ሰዎች ያገኙት መላ ምን ነበር? ዋይፋዩን ማጥፋት!

ይህን ሳነብ ያ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። «የለም» የሚል መልስ ኮምፒውተርን ይገላግለዋል፤ የሚገትረው «ቆይ» የሚለው ነው። ልጁ ያደረገው «ቆይ»ን ወደ «የለም» መቀየር ነበር።

እናንተም ሲገጥማችሁ ቶሎ አታጥፉት። ታስክ ማናጀር ክፈቱና ሲፒዩውን እዩ። ፕሮግራሙ ሲፒዩ ብዙ እየተጠቀመ ከሆነ እየሠራ ሊሆን ስለሚችል ታገሱት። ወደ ዜሮ ከተጠጋ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔቱን ለአፍታ አቋርጡና እዩት። ከተላቀቀ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ፋይሉን መጀመሪያ አውርዳችሁ ከዲስክ ላይ ክፈቱት። ያልተላቀቀ እንደሆነ ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

አንተ ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው ልክ የነበርከው አንተ ነህ። ጥፋተኛ ያልኩህ እኔው ስላላወቅኩ ነው። በጓደኞችህ ፊት ስለጮህኩብህ እዚሁ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ እኛም ተማሪ አንድ ነገር ሲነካ ከመጮሃችን በፊት «ለምን አደረግከው?» እንበል።

መልካም ቅዳሜ!